የተሳለው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ፦ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ ምን አዩ?

ባለፈው ክረምት ለሽምግልና ተልኬ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ሦስት ነበርን። ልጁን በደንብ እናውቀዋለን፤ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ ከደመወዙ ቆርጦ አገር ቤት ያሉትን እናቱን ይረዳል። ልጅቷ ነርስ ናት። ሁለቱ ከተዋወቁ አራት ዓመት አልፏቸዋል። የልጅቷ አባት በወጉ ተቀበሉን፤ ምሳ ቀረበ፣ ቡናው ፈላ፣ እኛም እንደ ደንቡ ተነሥተን የመጣንበትን ጉዳይ ተናገርን። አባት አዳመጡንና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ የልጁ ዘር ከወዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ነገርናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄን እወዳታለሁ። ይህን የምለውም ስለምወዳት ነው። እስቲ ጊዜ ስጡኝ» አሉ። ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ግን አልተናገርኩም። የበላሁት እንጀራ ይሁን የሰውዬው ሽበት፣ ብቻ አንዱ አፌን ያዘኝ። ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ጓደኛችን፣ «ፊታውራሪ መሸሻም ቪዛ አግኝተው መጡ!» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ቤታችን እስክንደርስ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ማታውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ውድ አንባቢ፣ ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ በዓይናችን ከማንበባችን በፊት በጆሯችን ነው የሰማነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ጎረቤት ተጠራርቶ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይቀመጥ ነበር። እኔ ዘንድ ያለው ካሴት ከሰው የተቀዳ፣ እሱም ከሌላ ሰው የተቀዳ ነው፤ በመካከሉ የማን ቤት እንደሆነ የማላውቀው ዶሮ ይጮኻል፣ አንዲት እናት ልጅ ስትጣራ ይሰማል። ዛሬ ማጫወቻው ቢጠፋም ካሴቱን መጣል አልቻልኩም። ታዲያ ስለዚህ መጽሐፍ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናወራው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ስለ ደራሲው ኑሮ፣ ከዚያም ኑሮ ስለ ሰው ልጅ ምን ተምረው እንደ ወጡ ብዙ አናነሣም።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ካህን ነበሩ። እሳቸውም እንደ ዘመኑ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አለፉ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተማሩ። የአብነት ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ፣ ከውሻ ጋር ተታግሎ የሚገኝ ትምህርት ነው። ሰውን ከደጁ ላይ ሆኖ ማየት የሚጀመረው እዚያ ነው። ማን ሳይሰጥ ይመርቃል፣ ማን ሰጥቶ ይሳደባል፣ ልጁ ያውቃል። በኋላ ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። ስለዚህ ገና ሳይጎለምሱ ሁለት ዓለም በአንድ ልብ ይዘው ነበር ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ መጣ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ሲወር፣ ሐዲስ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና ጠላትን ወደ ኋላ እንደ መለሰ ታሪክ መዝግቦታል። በዚያው ወር ጠላት በተከዜ አጠገብ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ማዝነቡንም ራስ እምሩ ራሳቸው መስክረዋል። ከማይጨው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ራስ እምሩ ወደ ጎሬ ወርደው ጦርነቱን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ግን በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው ተያዙ። ሐዲስም ከምርኮኞቹ አንዱ ሆኑ። ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ሰባት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በግዞት ኖሩ፤ አንዱ የግዞት ስፍራ ከኔፕልስ ወዲያ ባሕር ላይ ያለችው ፖንዛ የተባለች ደሴት ነበረች።

በዚህች ደሴት ላይ ትንሽ ልቆይ። ፖንዛ ራስ እምሩ የታሰሩባት ደሴት ናት። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1943) ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ይዘው ካቆዩት ስፍራዎች አንዷም ይህችው ፖንዛ ሆነች። አሳሪውና ታሳሪው አንድ ደሴት ተፈራረቁባት! የአገራችን ሰው ይህን ቢሰማ «እግዜር ሥራ አይፈታም» ይላል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ከዚህ ብቻ አንድ መጽሐፍ ያወጣ ነበር።

ሐዲስ ነፃ የወጡት በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ኢጣሊያ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አጠር አድርጌ ልለፈው፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሺንግተን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላን ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው አገልግለዋል። ለእኛ ለዋሺንግተን ሰዎች አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። እኛ በአውቶቡስ ስናቋርጠው በምንውልበት በዚህ ከተማ፣ እንጀራ የሚጋገርበት አንድም ምግብ ቤት ባልነበረበት ዘመን፣ አንድ የዲማ ቅኔ ተማሪ የምርኮኛ ልብሱን አውልቆ ገና ብዙም ሳይቆይ ክራቫት አስሮ ይመላለስ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ ስለ ምን ይጽፋል? እኔ ብሆን ስለ ተከዜ ጋዝ እጽፍ ነበር። ስለ ፖንዛ እጽፍ ነበር። ጠላቴን በስሙ እየጠራሁ እከስ ነበር። ሐዲስ ግን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቁ ልቦለዳቸው ውስጥ አንድም የኢጣሊያ ወታደር የለም። የጦርነቱና የግዞቱ ነገር የተጻፈበት «ትዝታ» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከእስር ከወጡ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እሳቸውም ሰማንያን ካለፉ በኋላ ማለት ነው። ጠላት ያደረሰብንን ለእርጅናቸው አቆይተው፣ እኛው በእኛው ላይ የምናደርሰውን አስቀደሙ። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ለሰባት ዓመት የጠላት እስረኛ የሆነ ሰው፣ ጠላት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልገውም፤ ግልጽ ነውና። የሚከብደው፣ የሚወድህ ሰው እንዴት እንደሚጎዳህ ማወቅ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከፍቅረኞቹ አይደለም፤ ከስለት ነው። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በዕድሜ ከገፉ በኋላ አንድ ልጅ ያገኛሉ። ልጁ ሕመምተኛ ይሆንባቸዋል። ከሞት ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት፣ ሚስት ሳያገባ በቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል እንዲኖር ይሳላሉ። ልጁ በዛብህ ተረፈ። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አለ? የለም። ከዚህ የበለጠ የወላጅ ፍቅር ከየት ይመጣል? የሚያንቀላፋ ሕፃን ግንባር ላይ እጁን አድርጎ ትኩሳቱን የለካ ሰው ሁሉ ይገባዋል። በአገራችን ሰው ሻማ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ ወይፈን ይሳላል፤ የገዛ ንብረቱ ነውና ቢሰጥ ያምርበታል። ሰው ሲሳል ግን የሚከፍለው ሌላ ነው። ቋንቋችንም ነገሩን ሳያውቅ አልቀረም፤ ስለት ማለት የቢላዋም አፍ ነውና።

በዛብህ አድጎ፣ ተምሮ፣ በቅኔ የተመሰገነ ሆኖ ዲማ ይደርሳል። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይታዘዛል፤ ፊደሉ መካከል ላይ ይዋደዳሉ። አሁን እዚህ ሰውዬ ላይ ስንት ነገር እንዳለ ተመልከቱ። እሱ ራሱ ለማንም አንዳች ቃል አልገባም። ቃሉ የተገባው እሱ አፉን ሳይፈታ ነው። ሆኖም ቃሉን ማፍረስ እናትና አባቱን መካድ፣ ፈጣሪንም መዋሸት ሆኖ ይታየዋል። ከፊታውራሪ መሸሻ ጦር በፊት በዛብህን የሚወጋው ይህ ነው። ደራሲው በዚህ ጭንቀት ላይ ብዙ ገጽ ያፈስሳሉ። ወጣት ሳለሁ እነዚያን ገጾች እየዘለልኩ ወደ ፍቅሩ እሮጥ ነበር። ዛሬ የምቆየው እዚያው ላይ ነው፤ ዕድሜም ስደትም ያደረገው መሰለኝ።

ምክንያቱም ይህ ስለት እኛም ቤት አለ። አንድ ልጅ ወደ ውጭ ለመላክ በሬ የሸጠ ቤተሰብ፣ ልጁ ላይ ምን እንደ ተሳለ ልጁ አውሮፕላን ሲገባ አያውቀውም፤ የሚገባው በየወሩ ስልክ ሲደወል ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄደችው እህታችን በማን ስለት እንደምትኖር ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልጄ ገና ሳይወለድ ሐኪም አድርጌዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ሥዕል መማር እንደሚፈልግ ሲነግረኝ፣ «እኔ እኮ ሌሊት መኪና የምጠብቀው ላንተ ብዬ ነው» አልኩት። ልክ ብዬ ነበር፤ ለእሱ ብዬ ነበር። ግን መልሱን ከመጽሐፉ ላይ ቀድሜ ባነበው ኖሮ ያን ቃል ባላወጣሁ።

ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ልመለስ። በአብዮቱ ዘመን ይህን መጽሐፍ ያነበበው ትውልድ ፊታውራሪውን የመደብ ጠላት አድርጎ ጨረሳቸው። መጽሐፉ ጠቅላላው የባላባቱ ሥርዓት ክስ ነው ተባለ። ሐሰት አይደለም። የሚጨቆነው ገበሬ አለ፣ በጉልበቱ የሚመካው ጌታ አለ። እንዲያውም ሐዲስ በዚህ ረገድ ከታሪክ ሁለት ዓመት ቀድመዋል ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ውስጥ አበጀ በለው የተባለው ሰው የሚመራቸው ገበሬዎች፣ ከተለመደው በላይ ግብር አምጡ ሲባሉ እምቢ ይላሉ፤ ሊያስገብሯቸው ጦር ይዘው የዘመቱት ፊታውራሪም በገበሬዎቹ እጅ ይወድቃሉ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የእውነተኛዎቹ የጎጃም ገበሬዎች ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አመፁ ግን በጦር ብቻ አልበርድ ብሎ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ይህን ሁሉ በልቦለድ አስቀድሞ ያሳየው ሰው ደግሞ በጫካ የተደበቀ ሸማቂ አልነበረም፤ የዚያው መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር ነበር። በ1966 ዓ.ም. አገሪቱ ስትናወጥም «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አቅርበዋል።

ነገር ግን የመደብ ጠላት የሚለው ንባብ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ። ጉልትና ርስት፣ ጢሰኛና ባላባት፣ ሁሉም በአንድ አዋጅ ቀረ። የፊታውራሪ መሸሻ ሥርዓት ፈረሰ። ታዲያ መጽሐፉ ክስ ብቻ ከነበረ፣ ተከሳሹ ሲሞት ፋይሉ ይዘጋ ነበር። ወጋየሁ በሬዲዮ የተረከው ከአዋጁ በኋላ ነው፤ ያለቀሰው ሕዝብም ጢሰኛም ባላባትም ያልነበረ የከተማ ሕዝብ ጭምር ነው። መሬቱ ተከፋፍሎ ለቅሶው ለምን ቀረ?

እኔ የማገኘው መልስ ፊታውራሪው ልጃቸውን መውደዳቸው ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን ብዙ ሰዎች ጠይቀዋት ነበር። አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ባል እያጡ፣ ይህን ሲያናንቁ ያንን ሲመልሱ፣ ልጅቷ እኩዮቿ ሁሉ ወልደው እሷ ያለ ትዳር ቀረች። ሊጎዷት ብለው አይደለም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሊያስቀምጧት ብለው ነው። በእሳቸው ዘንድ ልጅን መውደድና ዘርን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ካንዱ ለይተው የሚያዩበት ዓይን አልተሰጣቸውም። «ይህን የምለው ስለምወዳት ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ይህን ቃል ባለፈው ክረምት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የተናገሩት ሰው ደግሞ ጉልት የላቸውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸክመው ልጃቸውን ያስተማሩ፣ የተከበሩ፣ ለተቸገረ ቀድመው ኪሳቸውን የሚፈትሹ ሰው ናቸው።

ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ ሰይጣን አልፈጠሩም። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ክፉ ሰው ቢኖር እሱን ጠልተን እፎይ እንል ነበር። በዛብህ መንገድ ላይ በወንበዴዎች እጅ ቆስሎ ይወድቃል፤ ሆኖም ደራሲው ለወንበዴዎቹ ብዙ ቀለም አያባክኑም። እነሱ እንደ ጎርፍ፣ እንደ መብረቅ ናቸው። በዛብህን ወደዚያ መንገድ ያወጡት ግን ስም ያላቸው፣ የሚጾሙ፣ የሚጸልዩ፣ ለልጆቻቸው የሚሞቱ ሰዎች ናቸው።

ጉዱ ካሳስ? ካሳ ዳምጤን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ አይምረኝም። ከባላባት ወገን ተወልዶ፣ ተምሮ፣ የወገኖቹን ወግና ልማድ አንድ በአንድ እያነሣ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሰዉ «ጉዱ» አለው፤ አብዷል አለው። ብልህ መላ ነው! የእብድን ነገር መመለስ አያስፈልግማ። እኛ በስደት ያለን ጋዜጠኞች ጉዱ ካሳን በጣም እንወዳለን፤ ራሳችንን ስለምናይበት ነው። ስንቶቻችን «ጉዱ ካሳ» የሚል የብዕር ስም እንደ ተጠቀምን ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ ካሳ አንዳንዴ ንግግሩ ይረዝማል፤ ደራሲው በእሱ አፍ ትምህርት ሊሰጡን ሲሉ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይህን ብል ታላቁን ሰው መድፈር አይሁንብኝ፤ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አንዳንድ ዳገት አያጣም። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ጉዱ ካሳ ሁሉን አውቆ፣ ሁሉን ተናግሮ፣ የሚወዳቸውን ሁለት ልጆች አላዳነም። ትክክል መሆን ማዳን አይደለም። ሐዲስ ይህን ያወቁት ከየት ነው? ሚኒስትርና አምባሳደር ሆነው ለንጉሥ ምክር የሰጡ ሰው ናቸውና፣ የተሰማ ምክርና ያልተሰማ ምክር ምን እንደሚመስል ሳያውቁት አይቀሩም።

በመጽሐፉ ውስጥ ከወግ የሚያመልጥ አንድ ሰው ቢኖር ሰብለ ወንጌል ናት። ይህን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ ቆንጆዋ፣ የተጎዳችው፣ የምትጠብቀው ሰብለ ናት በልባችን ያለችው። ነገሩ ሲገለጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀው በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። እሷ ግን ትወጣለች። የባላባት ልጅ፣ ከግቢ ግቢ እንኳ ያለ አጃቢ ሄዳ የማታውቅ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ትጀምራለች። እኛ የሱዳን በረሃ ያቋረጥን፣ በጅቡቲ የወጣን፣ ሐሰተኛ ስም ይዘን ኬላ ያለፍን ሰዎች ይህን ክፍል እንዴት እንደምናነበው ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ሌላ ሰው መስሎ መሄድን እናውቀዋለን። እሷ ወደ እሱ ስትሄድ እሱም ወደ እሷ ይመለስ ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ቆስሎ ያገኘችው። በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ተጋቡ። ስለቱም፣ ዘሩም፣ የአባት ቁጣም የማይደርሱበት ሰዓት ያ ብቻ ሆነ። ከዚያ እሷ መነኰሰች፤ ቀድሞ ለማምለጫ የለበሰችውን ልብስ አሁን የእውነት ለበሰችው። በኋላም አንድ መቃብር ሦስቱን ሰበሰበ፤ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሳንም።

አንዳንድ አንባቢ ሐዲስን ተስፋ ቆራጭ ይላቸዋል። ሁሉን ገድለው ጨረሱ፣ ለወጣቱ ምን ተዉለት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ተስፋ የቆረጠ ሰው በሰማንያ ዓመቱ አይጽፍም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም.፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ወጡ፤ ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ፣ ደርግም ሄዶ፣ ሰውዬው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ ነው፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነበር። ይህን ያህል ዘመን ስለ ሰው የጻፈ ሰው ከሰው አንድ ነገር ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለ ሽምግልናው ደግሞ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አባትየው ያሉት ጊዜ አልፎ በስልክ ደውለውልናል፤ ድምፃቸው ከበፊቱ ለስለስ ያለ ይመስላል፤ ወይም እኔ እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል። ቀጠሯችን ለጥቅምት ነው። በወጉ መሠረት እንደገና ሦስት ሆነን እንሄዳለን። መኪናውን የሚነዳው ጓደኛችን ካሴቱን ይዘን እንሂድ ይላል፤ ሰውዬው በዕድሜያቸው የወጋየሁን ድምፅ ሳያውቁት አይቀሩም ብሎ ነው። እኔ በበኩሌ ባለፈው የዋጥኩትን ቃል ምሳው ሳይቀርብ ልናገረው ወስኛለሁ።